ልጆቻችንና እንቁራሪቷ

ክረምት በገባ ቁጥር በየሰፈራችን የሚደጋገም ነገር አለ። ዝናቡ ሲያባራ ልጆች ወደ ኩሬውና ወደ ቦዩ ዳር ይሮጣሉ። አንዱ ድንጋይ ያነሣል፤ ሌላው ዱላ ይመዛል፤ ሦስተኛው ከማጀት ደብቆ ያመጣውን ጨው ይነሰንሳል። የሁሉም ዒላማ አንዲት እንቁራሪት ናት። ከመካከላቸው «ተዋት!» የሚል ቢገኝ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ርኅራኄው ሳይሆን «ኪንታሮት ታወጣብሃለች» የሚለው ፍርሃት ነው። በዚያ የሚያልፈው ትልቅ ሰውም ቆም ብሎ አይቶ ይሄዳል እንጂ አይቆጣም። ለድመት የምናዝን፣ ለርግብ ፍርፋሪ የምንበትን ሰዎች ለእንቁራሪት ሲሆን አንጀታችን የሚጨክነው ለምን ይሆን?

እስቲ ልጆቻችን ስለዚች ፍጡር ከእኛ ምን ሰምተዋል? አብዛኞቹ የሚያውቋት ዝሆንን አክላለሁ ብላ ተነፍታ ተነፍታ የተሰነጠቀችውን ነው። የትዕቢት መቀጣጫ ሆና በተረት ገባች፤ ከተረቱ ወጥታ ግን በእውነተኛ ማንነቷ የነገርናቸው ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ ወር የቤተሰብ ዐምዳችን ወላጆችና ልጆች አብረው ወደ ኩሬው ዳር እንዲወርዱ ልንጋብዝ ወደድን። በድንጋይ ፋንታ ደብተርና እርሳስ ይዘው ማለታችን ነው።

ለመድኃኒትም ቢሆን

ነገሩን ከዲናችን እንጀምር። አቡ ዳውድና ነሳኢ ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዑሥማን ይዘው እንደዘገቡት፣ አንድ ሐኪም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ እንቁራሪትን መድኃኒት ውስጥ ስለመጨመር ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዳትገደል ከለከሉት።

ይህን ሐዲስ ለልጆች ስንነግር የጠያቂውን ማንነት እንዳንዘል። የመጣው ተጫዋች ልጅ አልነበረም፤ በሽተኛ ለማዳን የሚጥር ሐኪም ነበር። ለመድኃኒት ያልተፈቀደው ለጨዋታ እንዴት ይፈቀዳል? ይህንን ጥያቄ ለአሥር ዓመት ልጅ አቅርቡለትና መልሱን ራሱ ሲደርስበት ታያላችሁ። ከእኛ ረዥም ስብከት ይልቅ እሱ ራሱ የደረሰበት መልስ ልቡ ውስጥ ይቀራል።

ከዚሁ ሐዲስ በመነሣት የሻፍዒይ መዝሀብን ጨምሮ ብዙ ዑለማ እንቁራሪት መብላት አይፈቀድም ብለዋል፤ ማሊኪዮች ደግሞ ፈቅደዋል። በአገራችን እንቁራሪት ለማዕድ ያቀረበ ሰው ስላላጋጠመን በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም።

አንዳንድ ልጅ ግን ብልጥ ነው፤ መድረሳ የሰማውን ይዞ «እንቁራሪት እኮ በፊርዐውን ሕዝብ ላይ የተላከች ቅጣት ናት» ብሎ ይሞግታል። እውነት ነው፤ በሱረቱል አዕራፍ 133ኛው አያ ላይ ከጎርፉ፣ ከአንበጣው፣ ከነቀዙና ከደሙ ጋር ተጠቅሳለች። ነገር ግን ጎርፉ ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ የተረገመ ነገር አይደለም። እንቁራሪቷም በአላህ ትእዛዝ የተላከች ምልክት ነበረች እንጂ ጥፋተኛዋ እሷ አልነበረችም። በሱረቱል አንዓም 38ኛው አያ ደግሞ በምድር የሚሄዱትም ሆኑ በክንፋቸው የሚበሩት ሁሉ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸው ተነግሮናል። ልጁ ሁለቱን አያዎች ጎን ለጎን ያንብባቸው።

የቀደሙት ሊቃውንት እንቁራሪትን ንቀው አላለፏትም። የበስራው አል-ጃሒዝ በ9ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ኪታብ አል-ሐየዋን፣ ግብፃዊው አድ-ደሚሪም በ14ኛው መቶ ዘመን ባዘጋጀው የእንስሳት መዝገብ ውስጥ ቦታ ሰጥተዋታል።

የሁለት ዓለም ኗሪ

የትምህርት ቤት መጻሕፍት እነዚህን እንስሳት «እንቁራሪት አስተኔ» ይሏቸዋል። በዓለም ላይ ከ8,000 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሦስት ወገን ናቸው፦ እንቁራሪቶችና ጉርጦች አንዱ፣ ሳላማንደር የሚባሉት እንሽላሊት መሰል ባለ ጅራቶች ሁለተኛው፣ እግር የሌላቸውና የምድር ትል የሚመስሉት ሦስተኛው። ሳላማንደር በአገራችን የለም። ከትል መሰሎቹ ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ በአፈርና በወደቀ ቅጠል ሥር የምትኖር አንዲት ዝርያ አለች፤ ከዚያ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ገበሬው መሬት ሲቆፍር ቢያገኛት ትል ናት ብሎ ያልፋታል።

ልጆችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው የቅርፅ ለውጡ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን ብዙውን ጊዜ ውኃ ውስጥ ትጥላለች። እንቁላሉ እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት የለውም፤ እንደ ተልባ ውኃ የሚዝለገለግ ነገር ነው የከበበው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ነጥቧ እየረዘመች ትሄድና ጅራት ያላት ትንሽ እጭ ሆና ትወጣለች። ይህች እጭ እንደ ዓሣ በስንጥብ ትተነፍሳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ምግቧ ድንጋይ ላይ የሚያድገው አረንጓዴው ዋቅላሚ ነው። ከሳምንታት በኋላ የኋላ እግሮቿ ይወጣሉ፤ ቀጥለው የፊቶቹ። ሳንባ ታበጃለች። ሣር በል የነበረው ረዥም አንጀቷ ያጥርና ሥጋ በል ይሆናል። አፏ ይሰፋል።

ጅራቷስ? ልጆች «ወደቀ» ይላሉ፤ አይወድቅም። ሰውነቷ መልሶ ይመጠዋል። በእነዚያ ቀናት አፏ ገና እየተለወጠ ስለሆነ አትበላም፤ ስንቋ ጅራቷ ነው። እኛ ይህን ባወቅን ጊዜ «ሱብሓነላህ» ከማለት በቀር ቃል አጣን።

ሌላም አለ። እንቁራሪት በአፏ ውኃ አትጠጣም፤ የሆዷ ቆዳ ከእርጥብ መሬት ይስብላታል። በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ምግብ ስትውጥ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተው ጉርሻውን ወደ ጉሮሮዋ ይገፉታል፤ ስትውጥ ያየ ልጅ ዓይኗን ለምን እንደጨፈነች ከእንግዲህ ያውቃል። ማታ ማታ የምንሰማው ጩኸት ደግሞ የወንዱ ነው፤ ሚስት እየፈለገ ነው። ጎረምሶቻችን ይህን ሲሰሙ መሣቃቸው አይቀርም።

ይህ ቆዳ ግን ጥበቧም ጉዳቷም ነው። ውኃን እንደሚያስገባው ሁሉ ውኃው ውስጥ ያለውን መርዝም ያስገባል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የልብስ ሳሙና፣ የፀረ ተባይ ቅሪት ቦዩ ውስጥ ሲፈስ እኛ ሽታው ብቻ ይደርሰናል፤ እሷ ጋ ግን ደሟ ውስጥ ይደርሳል። ልጆቹ የነሰነሱት ጨውም እንዲሁ ከሰውነቷ ውኃውን እየሳበ ያሠቃያታል።

ኪንታሮቱንም ነገር እንጨርሰው። ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ የሚያመጣው ነው፤ የጉርጥ ቆዳ መጎርበጥ ከሱ ጋር ዝምድና የለውም። ይሁንና ጉርጥ ከዓይኗ ኋላ ባለው እብጠት ውስጥ መከላከያ መርዝ ስላላት የነካት ልጅ ዓይኑን ሳያሽ እጁን ይታጠብ።

ባሌ ላይ ያለው አደራ

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ከ60 የሚበልጡ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች የሚታወቁ ሲሆን ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ከአገራችን ውጭ አይገኙም። ከነዚህ ውስጥ እጅግ ድንቆቹ የባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። ስለ ባሌ ሲነሣ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ይወሳሉ፤ የሐረና ደን ቡናና ማርም ስሙ የታወቀ ነው። በ2023 ብሔራዊ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተደሰትን ብዙዎች ነን። ከሣሩና ከእሾሁ ሥር ስላሉት ጥቃቅን እንቁራሪቶች ግን ስንቶቻችን ሰምተናል?

በ1978 ለሳይንስ የታወቀች አንዲት የባሌ ጉርጥ አለች። አውራ ጣት የማታህል ናት። እንቁላሏን ኩሬ ውስጥ አትጥልም፤ ብዙ እናቶች በአንድ እርጥብ መሬት ላይ ተሰባስበው በማኅበር ይጥላሉ፤ እጮቹም ሳይዋኙ እዚያው እርጥበቱ ውስጥ ያድጋሉ። ከሷ በተጨማሪ በ1989 እና በ1991 የተገለጹ ሁለት ሌሎች የሐረና እንቁራሪቶች አሉ፤ እነሱም ከባሌ ሌላ አገር የላቸውም።

ከ1971 እስከ 2009 ድረስ ተመራማሪዎች 15 ጊዜ ወደ ባሌ እየወጡ፣ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት እንቁራሪት እንደሚያገኝ እየቆጠሩ መዘገቡ። ውጤቱ በ2013 ታተመ። የባሌዎቹ ሦስቱም ቢያንስ በአንዳንድ ቦታ ቀንሰዋል። በ1991 የተገለጸችው መጀመሪያ ከተገኘችበት ስፍራ የጠፋች መሰለች። በሌሎች የኢትዮጵያ ደጋዎችም የነበረችና አብራ የተጠናች አራተኛ ጉርጥ ከ1995 ወዲህ በእርግጠኝነት የታየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ምን ይሆን ያልን እንደሆነ፣ ተመራማሪዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት የሰው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ በደኑ ላይ በደረሰው ጉዳት ላይ ነው። ደን ይመነጠራል፤ ከብት ምንጩን ይረግጣል፤ አስታውን እሳት ይበላዋል። ይህን ስንጽፍ በባሌ ወገኖቻችን ላይ ለመፍረድ አይደለም። እዚያ የሚኖር አባወራ ልጆቹን ማብላት አለበት፤ ላሙም ውኃ መጠጣት አለባት። ነገር ግን የተረገጠው ምንጭ ለእንቁራሪቷ ሲደርቅ ለላሚቱም ይደርቃል። ከባሌ የሚነሡት ወንዞች ደግሞ ቆላ ወርደው እስከ ሶማሊያ ድረስ ሰውና ከብት የሚያጠጡ ናቸው።

የታንዛኒያ ታሪክ

ደን የሚመነጥር ገበሬ ብቻ አይደለም ጥፋት የሚያደርሰው። በታንዛኒያ ኡድዙንግዋ ተራሮች ኪሃንሲ የሚባል ፏፏቴ አለ። በ1996 በፏፏቴው ሥር፣ ውኃው ሲወድቅ በሚረጨው ጤዛ ብቻ የምትኖር አንዲት ቢጫ ጉርጥ ተገኘች። እንቁላል አትጥልም፤ ቁርጥ እናቷን የመሰሉ ጥቃቅን ልጆች ትወልዳለች። ዓለሟ በሙሉ ጥቂት ሄክታር የማይሞላ እርጥብ ገደል ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ የኤሌክትሪክ ግድቡ ሥራ ጀመረና አብዛኛው ውኃ ወደ ሌላ መስመር ተጠለፈ። ፏፏቴው ጤዛ መርጨቱን አቆመ። አገር መብራት ያስፈልጋታል፤ ይህን ማንም አይክድም። በዚያው ዓመት 500 ያህል ጉርጦች ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ተወስደው በእንስሳት ማቆያ እንዲራቡ ተደረገ፤ ገደሉ ውስጥም ጤዛውን የሚተካ ሰው ሠራሽ መርጫ ተዘረጋ። ጉርጦቹ ለጥቂት ጊዜ በረከቱ፤ ከ2003 በኋላ ግን ባንድ ጊዜ አለቁ። በ2009 በተፈጥሮ ስፍራዋ የጠፋች ተብላ ተመዘገበች። በ2012 በባዕድ አገር የተራቡት ልጆቿ ወደ ገደላቸው መመለስ ጀመሩ፤ የሚኖሩትም በቧንቧ በሚረጭ ጤዛ ነው። አላህ በነፃ ሲረጨው የነበረውን ጤዛ ለመተካት ምን ያህል ቧንቧ፣ ምን ያህል ገንዘብና ድካም እንደሚጠይቅ ከልጆቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

ለጉርጦቹ ድንገተኛ እልቂት ከተጠረጠሩት አንዱ በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የፈጀ በሽታ ነው። ከሻጋታ ወገን የሆነ ፈንገስ ቆዳቸውን ያጠቃል፤ በቆዳዋ ለምትጠጣና ለምትተነፍስ ፍጡር ደግሞ የቆዳ በሽታ ቀላል ነገር አይደለም። ፈንገሱ የታወቀው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት መነሻው ምሥራቅ እስያ እንደሆነና ሰው እንስሳቱን ከአገር ወደ አገር ሲነግድ እንደተሰራጨ ገለጸ። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ቢያንስ 501 ዝርያዎች በዚሁ ምክንያት እንደቀነሱና ከነሱም 90 ያህሉ ጨርሰው እንደጠፉ እንደሚገመት ቆጥሯል። ፈንገሱ በኢትዮጵያም፣ ባሌን ጨምሮ፣ ተገኝቷል። በ2023 በተደረገው ዓለም አቀፍ ግምገማ ከእንቁራሪት አስተኔዎች 41 በመቶ ያህሉ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። በአጥቢዎችም በወፎችም ላይ ይህን ያህል አልደረሰም።

«እንቁራሪት ብትጠፋ ምን ይጎድላል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሕንድ እግራቸውን ለውጭ ገበያ ስትሸጥ ቆይታ በ1987 ሽያጩን ያገደችው ያለ ነገር አልነበረም፤ እንቁራሪቱ ካለቀበት ማሳ ተባዩ በዛ የሚለው ስጋት አንዱ ምክንያት ነበር። በኮስታ ሪካና በፓናማ ደግሞ ፈንገሱ እንቁራሪቶቹን ከፈጀ በኋላ የወባ ሕመምተኞች ቁጥር እንደጨመረ በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ወባ ለኛ ሩቅ ወሬ አይደለችም።

የመጣው ማን ነው?

ከአዘጋጆቻችን አንዱን የስድስት ዓመት ልጁ እንዲህ ስትል ጠየቀችው፤ «አባዬ፣ እንቁራሪት የምትኖረው ውኃ ዳር ከሆነ ለምን እኛ ግቢ መጣች?» አባት ጥቂት አሰበና «ልጄ፣ የመጣነው እኛ ነን» አላት። ቤቱ የተሠራው ረግረግ ተደፍኖ ነው።

በየከተማው ዳር ረግረግ በአፈርና በፍርስራሽ ይደፈናል፤ ገጠር ደግሞ ባሕር ዛፍ ይተከልበትና ውኃውን ይመጠዋል። ረግረግ ለብዙዎቻችን የባከነ መሬት ነው። ነገር ግን የክረምቱን ጎርፍ ውጦ የሚያቆየው፣ በበጋ ለምንጩ ቀስ እያለ የሚመልሰው እሱ ነው። የተደፈነ ረግረግ ላይ ቤት የሠራ ሰው ሐምሌ ላይ ጎርፉ ሳሎኑ ሲገባ ይህን ይረዳዋል።

በውኃ ጉዳይ ልጆቻችን ከቤት የሚያገኙት ሥርዓት አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሰው በሚጠቀምበት የውኃ ዳር፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትም እርግማን የሚያመጣ ተግባር መሆኑን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ወላጆች እነዚህን የምናስተምረው ስለ ጦሃራ ስንናገር ብቻ ነው። ያንኑ ትምህርት ኩሬው ዳር ቆመን ብንሰጠው፣ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ፌስታልና የፀረ ተባይ ጠርሙስ እያሳየን ብንናገረው ልጁ ትርጉሙን በዓይኑ ያየዋል።

ወደ ኩሬው ስትወርዱ

ትንንሾቹን ያለ ትልቅ ሰው አትላኩ፤ ጥልቀት የሌለው ቦታ ምረጡ። ከመግሪብ በኋላ ባትሪ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ እንቁራሪት የምትወጣው ሲመሽ ነውና። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የተለያየ ድምፅ ስንት እንደሆነ ልጆቹ ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ድምፅ አለው። መንካት ካስፈለገ እጅ በኩሬው ውኃ ይርጠብ፤ ደረቅ እጅ ቆዳዋን ይጎዳል፤ ቅባት ወይም ሳሙና ያለበት እጅ ደግሞ ይባስ።

እቤት ማሳደግ ለሚፈልጉ አምስት ወይም ስድስት እጮች ይበቃሉ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ የዚያኑ ኩሬ ውኃ ጨምሩ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ይገድላቸዋል። ዋቅላሚ የያዘ ድንጋይ ከኩሬው አምጡ፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ በየሁለት ቀኑ ከውኃው ጥቂቱን ቀይሩ። የፊት እግር ሲወጣ ከውኃው ከፍ ያለ ድንጋይ የግድ ነው፤ በዚያን ጊዜ በሳንባ መተንፈስ ስለሚጀምሩ መውጫ ያጣች እንቁራሪት ውኃ ውስጥ ትሰጥማለች። ልጆች ይህን ሲሰሙ አያምኑም።

እንቁራሪት ሲሆኑ ወደመጡበት ኩሬ ይመለሱ። ወደ ሌላ ኩሬ መውሰድ ያንን ፈንገስ ይዞ መዞር ሊሆን ስለሚችል ይቅር፤ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው የምትሄዱ ከሆነም ጫማችሁን አጥባችሁ በፀሐይ አድርቁት። ልጁ አንዷን ላስቀር ብሎ ያለቅስ ይሆናል። በሕይወት ያሉ ተባዮች በየቀኑ ማምጣት እንደሚኖርበት ስትነግሩት ሐሳቡን መቀየሩ አይቀርም።

ለትልልቆቹ ደግሞ አንድ ደብተር መድቡላቸው። የባሌዎቹ ተመራማሪዎች መቀነሱን ያወቁት ከዓመት ዓመት ስለቆጠሩ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የኩሬው ቦታ ይጻፍ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው ዝናብ የዘነበበት ቀን፣ የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማበት ሌሊት፣ እንቁላሉ የታየበት ቀን፣ የኋላ እግር የወጣበት ቀን። በሚመጣው ክረምት በዚያው ደብተር፣ ለዚያው ኩሬ፣ አዲስ ገጽ ይከፈታል።